ያልተከፈተው አምፕሊፋየር፤ ቢቸናና ሞጣ በአምስት ቀን

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል፤ ሲበርድልኝ እጽፋለሁ ብዬ ብጠብቅ ንዴቱ አልበርድ አለኝ። ስለዚህ ስለ ምሥራቅ ጎጃም ጤፍ ንጣትና ስለ ዓባይ በረሃ ግርማ ሊያነብ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ቢተወኝ ቅር አይለኝም። እኔ የሄድኩት የአንድ አሮጌ የጊታር አምፕሊፋየር ድምፅ ቀድቼ ለማምጣት ነው። ቀድቼም መጥቻለሁ። እዚህ ስቱዲዮ ያሉ ጊታሪስቶች ሰምተው ሊያቅፉኝ ደርሰዋል። ንዴቴን ያባሰውም ይኸው ነው።

አምፕሊፋየሩ የቢቸና አውራጃ ኪነት ቡድን ንብረት ነበረ። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ አንለይ፣ በዚያ ቡድን ውስጥ ጊታር ይጫወቱ ነበር። በደርግ መጨረሻ ቡድኑ ሞጣ ሄዶ ትርኢት አሳየ፤ በማግስቱ አገሩ ተበጠበጠ፤ ያመጣቸው መኪና ለሌላ ሥራ ተወሰደ። እነሱ ወደ ቢቸና በእግራቸው ሲመለሱ አምፕሊፋየሩ ሞጣ ቀረ። ጋሼ ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላዩትም፤ ሞጣ አንድ ሰው እንደሚጠብቀው ብቻ ይሰማሉ። ሌላ አምፕሊፋየር በየጊዜው ሰዎች ሰጥተዋቸው ነበር፤ «ይሄ ያወራል እንጂ አይዘፍንም» እያሉ ይመልሱታል።

ባለፈው ዓመት የጋሼ ቀኝ ጆሮ ጨርሶ ተዘጋ። ሐኪሙ ግራውም ብዙ ወራት እንደማይቆይ ነገራቸው። በስልክ ሲያጫውቱኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። «ልጄ፣ ይሄኛውም ሳይሄድ ያንን ነገር አንድ ጊዜ ብጫወትበት» ብቻ አሉኝ። እኔ በአዲስ አበባ የድምፅ ባለሙያ ነኝ፤ ወዲያው የመጣልኝ መሣሪያዬ ነው። ዳቦ የምታህል ሳጥን ናት። ከአምፕሊፋየሩ ጋር ስትገናኝ በአንድ በኩል ፉጨትና ጩኸት ትልክበታለች፤ በሌላ በኩል አምፕሊፋየሩ ያንን ምን አድርጎ እንደሚያወጣው በማይክሮፎን ታዳምጣለች። ስትጨርስ ጠባዩን ተምራ እሱን መስላ ትጮሃለች። «ጋሼ፣ እቀዳልዎታለሁ፤ ከዚያ ቤትዎ ቁጭ ብለው ይጫወቱበታል» አልኳቸው። እሳቸውም እሺ አሉ።

ሰኞ

ከአዲስ አበባ የተነሳነው ሊነጋጋ ሲል ነው። መንገዱ ተከፍቷል፣ አልተከፈተም፣ ለዛሬ ብቻ ነው ሲባል ከርሞ «ሰው እየሄደ ነው» የሚል ወሬ ሰምቼ ዕቃዬን ጠቀለልኩ። አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ቦርሳዬን እግሬ ሥር ሳስቀምጥ አይተው «መሬት ላይ ይንገጫገጭብሻል» ብለው ነጠቁኝና ጭናቸው ላይ አደረጉት። ምን እንዳለበት አልጠየቁም። እኛ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ የአንዱ ቦርሳ የሌላውን ጉልበት ከነካ የሚሰማውን ስድብ አስቤ አፈርኩ።

ዓባይ በረሃ ከመግባታችን በፊት ፍተሻ ላይ ወረድን። ፈታሹ ወጣት ነው፤ ቦርሳዬን ከፍቶ ሽቦውን፣ ማይክሮፎኑንና ሳጥኗን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የድምፅ መቅጃ።»

«የማንን ድምፅ ነው የምትቀጂው?»

«የሰው አይደለም፤ የአምፕሊፋየር ነው።»

«አምፕሊፋየሩ ምን ብሎ ይናገራል?»

«ምንም አይናገርም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትቀጂው?»

ጥያቄው ዛሬ ሳስበው ጥሩ ጥያቄ ነበር። ያኔ ግን ደሜ ፈላ፤ ሥራዬን ለማንም የማስረዳት ግዴታ እንደሌለብኝ በጩኸት ነገርኩት። የጩኸቴ ዋጋ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። አውቶቡሱ ሙሉ በእኔ ምክንያት ፀሐይ ላይ ቆመ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ቀርበው «ኧረ ተዋት ልጄ፣ ለሠርግ ሙዚቃ ልትሠራ የምትሄድ ናት» አሉትና ለቀቀኝ። ስንሳፈር አንድ ሰው እንኳ ፊቱን አላጠቆረብኝም። ሹፌሩ ዳቦ ቆርሶ ወደ ኋላ አሳለፈልኝ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ደጀን ላይ ወርጄ ፍርፍር በላሁና ወደ ቢቸና የሚሄድ ሚኒባስ ፈለግኩ። ሦስት ሰው በሚያስቀምጥ ወንበር አምስት ሆነን ተጫንን። የማይክሮፎን መቆሚያዬን ረዳቱ ጣሪያ ላይ ከጤፍ ጆንያ ጋር አስሮት ነበር። ቢቸና ስንደርስ አንድ እግሩ ብቻ ቀርቶታል። ረዳቱ የተረፈውን እግር በሁለት እጁ አቅርቦ «ይኸዋ እህቴ፣ ይሄስ ደህና ነው» አለኝ። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፍም።

ጋሼ መነኻሪያው በር ላይ ቆመው ነበር። መኪናው የሚገባበትን ሰዓት ስለማያውቁ ከምሳ በፊት ጀምሮ እዚያው ናቸው። ስማቸውን ጠራሁ፤ አልዞሩም። ወደ ግራ ጎናቸው ዞሬ ስጠራቸው ሰሙኝና ሳቁ። ትንሽ ሳል ይዟቸዋል። በአቧራው ነው አሉኝ።

ማክሰኞ

ጠዋት ተነስተን ወደ ሞጣ ልንሄድ ጫማዬን ሳስር የጎረቤት ለቅሶ ተሰማ። ሦስተኛው ቤት ያሉ አዛውንት አርፈዋል። ጋሼ ጊታራቸውን ከትከሻቸው አውርደው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

«ጋሼ፣ መንገዱ ነገ ሊዘጋ ይችላል እኮ!»

«አፈር ሳይቀምሱ ጥያቸው ልሂድ?»

አዲስ አበባ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊቴ ያለው በር ስንት ጊዜ ሰው እንደቀየረ አላውቅም። ሐዘን ሲኖር በሊፍቱ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፤ በስልክ እናጽናናለን። እዚህ ግን ቀኑን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ንፍሮ እየበላሁ ሰዓቴን አያለሁ። ሰዎቹ ለእንግዳ ብለው ጥሩውን ወንበር ሰጡኝ፤ ውኃ አመጡልኝ፤ የአባቴን ስም እያነሱ አለቀሱልኝ። እኔ ውስጤ እርር ድብን እያለ ነበር። ስለ አምፕሊፋየሩ ሲሰሙ አንድ ሽማግሌ «ያንን ማሽን? ሲጮህ እኮ መሬቱ በእግራችን ይወጣ ነበር» አሉ። ሌላው ደግሞ እሱ ሲከፈት ባለቤቱን እንደተዋወቃት ነገረኝ። ከቀብር የመጣ ሰው ሁሉ ስለ አንድ ሳጥን ያወራ ጀመር። ጋሼ ግራ ጆሯቸውን ወደ ተናጋሪው አዙረው ይሰማሉ።

ረቡዕ

መኪና ያገኘነው ረፋድ ላይ ነው። ጋሼ ጊታሩን በጋቢ ጠቅልለው እንደ ሕፃን አቅፈውታል። ደብረ ወርቅን አልፈን ግንደወይን ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ተቀያሪ ጎማውም ፈንድቶ የነበረ ነው፤ ሹፌሩ ይህን የነገረን ካወረደን በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት ቆምን። ጾም ነበርና አንዲት ባለ ምግብ ቤት ሽሮና ስልጆ አቀረበችልን። ሒሳብ ስጠይቃት ጋሼን በእጇ አሳይታ «አባቴ ቤት ፎቷቸው አለ» አለችኝ። ከኪነት ዘመን የቀረ ፎቶ። ክፍያ አልቀበልም ብላ ስንጨቃጨቅ ጎማው ተለጠፈ። አዲስ አበባ ውስጥ ጋሼን አውቶቡስ ውስጥ ተነስቶ የሚያስቀምጣቸው ሰው ባገኘሁ።

ሞጣ ስንገባ ከሰዓት ነው። መብራት ከእሑድ ጀምሮ እንደሌለ የሰማነው ከባጃጅ ሹፌሩ ነው። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ፍተሻ፣ መብራት የለም!

አምፕሊፋየሩ ያለው አያ ጥሩሰው ቤት ነው። አያ ጥሩሰው በዚያ ዘመን የሞጣ አውራጃ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ቀጭን ሰው ናቸው፤ ኮታቸው ኪስ ላይ ሁለት እስክርቢቶ ይሰካሉ። ጋሼን ሲያዩ አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ። ሁለቱ ሽማግሎች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ የአያ ጥሩሰው ባለቤት እትዬ ማንጠግቦሽ በሩ ላይ ቆመው አብረው አለቀሱ። ከዚያ ወደ ጓዳው ገባን።

ለብቻው አንድ ክፍል ተሰጥቶታል። ምስጥ እንዳይበላው አራት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ በልኩ በተሰፋ አቡጀዴ ተሸፍኗል። አያ ጥሩሰው በየቅዳሜው ሸፋኑን አውልቀው ይጠርጉታል፤ አይጥ ገብቶ እንደሆነ ያያሉ፤ መልሰው ያለብሱታል። ያኔ መጋዘኖች ሲዘረፉ ገለባ ሥር ደብቀውታል። ጣሪያቸው ያፈሰሰ ክረምት እሱን ደረቁ ጥግ አድርገው አልጋቸውን ወደሚያፈሰው ጎን ወስደዋል። ሸፋኑን ሲያወልቁት ዓይኔን አላመንኩም። በጀርባው በኩል አምፖል የሚመስሉት ቫልቮች ሳይቀሩ አቧራ የላቸውም። እንዲህ ያለ ዕቃ አዲስ አበባ ባለ ሙዚቃ ቤት ውስጥ እንኳ አላየሁም።

«መብራት ሲመጣ እንከፍተዋለን» አልኩ።

«ሞዴል ሃያ ሁለት ይዘሻል?» አሉኝ።

ሞዴል ሃያ ሁለት ዕቃ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚወጣበት ወረቀት ነው። የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለዱም። አምፕሊፋየሩን የተረከቡበት ደረሰኝ በላስቲክ ተጠቅልሎ አለ፤ አውጥተው አሳዩኝ። «ለጊዜው እንዲቀመጥ ተረክቤአለሁ» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማቸው።

«አያ ጥሩሰው፣ አንወስደውም እኮ። እዚሁ ከፍተን ድምፁን ቀድተን እንሄዳለን።»

«መክፈት መገልገል ነው። እኔ የተረከብኩት ለማስቀመጥ ነው። ደግሞ ስንት ዘመን የተኛ ዕቃ ነው፤ ብልሽት ቢደርስበት ተጠያቂው ማን ነው?»

«ያስረከብዎት መንግሥት የለም!»

«እኔ አለሁ።»

ወደ ጋሼ ዞርኩ፤ እሳቸው ቢለምኗቸው ይሰማሉ ብዬ ነው። አያ ጥሩሰው ቀድመው የጋሼን እጅ ያዙ። «አንለይ ወንድሜ፣ ነፍሴን ጠይቀኝ። ማሽኑን ግን ያለ ወረቀት አልችልም።» ጋሼ ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። «ልክ ነው፤ እሱ የፈረመበት ነው» አሉኝ። በሁለቱም ላይ ጮህኩባቸው። አያ ጥሩሰው እስክጨርስ ሰሙኝና «ደክሞሻል ልጄ» ብለው የራሳቸውን አልጋ አነጠፉልኝ። እሳቸውና ባለቤታቸው መደብ ላይ አደሩ። ያን ያህል ለስላሳ አልጋ ላይ ያን ያህል ተናድጄ ተኝቼ አላውቅም።

ሐሙስ

ጠዋት ወረቀቱን ፍለጋ ንብረት የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ በየከተማው አንድ እንዲህ ያለ አለ። የተቀበለችኝ ወጣት ትሁት ነበረች፤ ወንበር ሰጠችኝ፤ በስልኳ ፈላልጋ፣ ጥራዝ አገላብጣ «እንዲህ ያለ ዕቃ መዝገብ ላይ የለም» አለችኝ።

«ዕቃው ግን አለ። ትናንት አይቼዋለሁ።»

«ያልተመዘገበ ንብረት ደግሞ አናስወጣም። መጀመሪያ ገቢ ይሁን፣ ከዚያ ወጪ ይሆናል።»

«እሺ፣ ገቢ ይሁን።»

«ለዚያ ኮሚቴ ያስፈልጋል።»

«ኮሚቴው መቼ ይቀመጣል?»

«ኮሚቴው ገና አልተቋቋመም።»

ጠረጴዛውን መታሁ። ልጅቷ ደነገጠች፤ ከሌላ ክፍል ሰው መጣ። አንድ ሽማግሌ የመንግሥትን ዕቃ ከገዛ አልጋቸው አስበልጠው ሲጠብቁ፣ መንግሥት ዕቃ እንዳለው እንኳ አያውቅም። ይህን ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ሰውዬው «ልክ ነሽ» አለኝ። ልክ ነሽ ብሎ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። አዲስ አበባ ቢያንስ ይከራከሩኛል።

ስመለስ እትዬ ማንጠግቦሽ ደጅ ላይ ጤፍ ያበጥራሉ። ሳልጠየቅ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። እጃቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝ።

«እሱ እኮ ከልካይ አይዶለም» አሉኝ። «ተረካቢ አጥቶ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው መጥቶ ‹አምጣ፣ እኔ ልፈርም› ያለው የለም። ሁሉም የሚመጣው ወይ ሊገዛ ወይ ሊሰርቅ ነው። አንቺ ለምን አትረከቢውም?»

እንዲህ ቀላል ነበር። ለአያ ጥሩሰው አቀረብኩላቸው። የመንግሥት ሰው አይደለሽም አሉ። ጋሼ በዚህ ጊዜ ገቡ፤ «ማሽኑ የቢቸና ነው፤ እሷ የቢቸና ልጅ ናት» አሉ። አያ ጥሩሰው ሳጥናቸውን ከፍተው ቢጫ የሆነ ወረቀትና ካርቦን አወጡ። ካርቦኑን ለዚህ ቀን ያስቀመጡት ይመስለኛል። በሦስት ቅጂ ጻፉ፤ እየጻፉ ያነቡታል፦ «አንድ ቁጥር የጊታር ማጉያ፣ ከነሽቦው፣ በመልካም ሁኔታ ላይ የሚገኝ።» አስረካቢ ፈረሙ፤ ተረካቢ ፈረምኩ፤ ጋሼና እትዬ ማንጠግቦሽ ምስክር ሆኑ። ሲጨርሱ እስክርቢቶውን ኪሳቸው ሊመልሱ ሞክረው ሁለት ጊዜ ሳቱት። «እፎይ» አሉ። እትዬ ማንጠግቦሽ እልል አሉ።

እልልታው ሳያበቃ መብራት መጣ። ጎረቤቶች ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ እንደሚቆይ ነገሩን። በማግስቱ ጠዋት ወደ ቢቸና የሚሄደው መኪና ላይ ቦታ ይዣለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አይታወቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መጻፍ አለብኝ። ለብዙ ዓመት የተኛ የቫልቭ አምፕሊፋየር በአንድ ጊዜ ሙሉ ኃይል አይሰጠውም። ከዝቅተኛ ቮልቴጅ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ፣ ግማሽ ቀን ያህል እያረፈ ይነሳል። ይህን የሚሠራ ትራንስፎርመር አለኝ፤ ከባድ ስለሆነ ቤት ትቼው ነው የመጣሁት። ይህን አውቃለሁ። እንጀራዬ ነው።

ሰካሁት። ቫልቮቹ ቀይ ሆነው ቀስ ብለው በሩ፤ አቧራ የሌለው ዕቃ የሞቀ እንጨት ሸተተ። ከዚያ ዝቅ ያለ እምምታ ከወለሉ ተነሳ። ጋሼ ጫማቸውን አወለቁ። ባዶ እግራቸውን መሬት ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ፊታቸው የሃያ ዓመት ልጅ ፊት ሆነ። ጊታሩን ከጋቢው አውጥተው ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«አንዴ ልንካው?»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ይቀዳ። መብራቱ ሊሄድ ይችላል። ሲያልቅ እስኪመሽ ይጫወታሉ።»

«እሺ ልጄ።»

በዚያ ቅጽበት ያሰብኩት ስለ መብራቱ ብቻ አልነበረም። እምምታውን ስሰማ አዲስ አበባ ያሉት ጊታሪስቶች ትዝ አሉኝ። «ይህን የት አገኘሽው!» ሲሉኝ ታየኝ። ስግብግብነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ማይክሮፎኑን መቆሚያ ስላልነበረኝ በአያ ጥሩሰው መቋሚያ ላይ በክር አሰርኩት። ልጀምር ስል ጋሼ ሳሉ። አቆምኩ። እንደገና ልጀምር ስል እንደገና ሳሉ። ማይክሮፎኑ ትንፋሽ ሳይቀር ይይዛል። ሦስተኛ ጊዜ ሲስሉ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሼ፣ እባክዎ በር ላይ ይጠብቁኝ!»

ጊታሩን ይዘው ወጡ። ጫማቸውን ለማድረግ እንኳ አልቆሙም።

ድምፁን እስከ ጥግ ከፈትኩት፤ ሳጥኗ ሥራዋን ጀመረች። ፉጨት ላከች፣ ነጎድጓድ ላከች፣ ሹክሹክታ ላከች። አምፕሊፋየሩ ሁሉንም ተቀብሎ በራሱ ድምፅ መለሰው። ሊያለቅስ ሲል ድምፁ የሚሻክር ሰው ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። የጓዳው ግድግዳ ተንቀጠቀጠ፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ዘመሩ። አምስት ደቂቃ ያህል ይሆናል። ሳጥኗ ጨረስኩ አለች። እጄን ድምፁን ልቀንስ ስዘረጋ ከጀርባው ጠሽ የሚል ነገር ሰማሁ። ጭስ ወጣ። ዝፍት የመሰለ ነገር ከአምፕሊፋየሩ ከራሱ ትራንስፎርመር መሬት ላይ ተንጠባጠበ። ሽቦውን ነቀልኩት።

ጋሼ በሩን ከፍተው ገቡ። «አለቀ? ልጫወት?» አሉ ፈገግ ብለው።

ጭሱን አዩት። ጊታሩን ቀስ ብለው ወደ ጋቢው መለሱት።

ይጠገናል። አዲስ አበባ ትራንስፎርመር የሚጠቀልሉ ሰዎች አሉ፤ ወራት ይፈጃል፤ ድምፁም ያው አይሆንም። ደግሞ የጋሼ ጆሮ ወራት የለውም።

አያ ጥሩሰው ከሳጥናቸው ማስመሪያ አወጡ። ሦስቱን ቅጂዎች መልሰው ጠየቁኝ። ርክክቡን ሊያፈርሱት ነው ብዬ ሰጠኋቸው። «በመልካም ሁኔታ ላይ የሚገኝ» የሚለውን በማስመሪያ ሠረዙና ከላዩ «በእርጅና ምክንያት ከአገልግሎት ውጭ የሆነ» ብለው ጻፉ። እኒያ ሰው እስከዚያች ቀን ድረስ በዕድሜያቸው አንድም የሐሰት ቃል ወረቀት ላይ እንዳልጻፉ እርግጠኛ ነኝ።

«ነገ ማንም እንዳይጠይቅሽ ብዬ ነው» አሉኝ።

ዓርብ

እትዬ ማንጠግቦሽ ለመንገድ ዳቦና በሶ ቋጠሩልን። አምፕሊፋየሩን በአቡጀዴው ጠቅልለን መኪናው ላይ ጫንነው፤ አያ ጥሩሰው ከሹፌሩ ጋር ተከራክረው ከጣሪያው አስወርደው የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ የሦስት ሰው ቦታ ያዘ። ማንም ተሳፋሪ አላጉረመረመም። መንገዱን ሙሉ በሹፌሩ ዘፈን፣ በአቧራው፣ በፀሐዩ ተናደድኩ። ጋሼ መስኮት ዳር ተቀምጠው አልፎ አልፎ ይስላሉ፤ በሳሉ ቁጥር ወደ እኔ ያያሉ።

ቢቸና ቤታቸው ስንገባ ሳጥኗን ከጊታራቸው ጋር አገናኘኋት። ሄድፎኑን ግራ ጆሯቸው ላይ አደረግሁና ድምፁን ከፍ አደረግሁላቸው። ጣታቸውን ክሩ ላይ አሳረፉ። አንድ ጊዜ መቱ፤ ቀና አሉ። ደግመው መቱ።

«እሱ ነው» አሉ። «ቁርጥ እሱ። እንዴት አድርገሽ አስገባሽው?»

ለአንድ አፍታ ትከሻዬ ቀለለኝ። ጋሼ መጫወታቸውን ቀጠሉ፤ ከዚያ ቆም ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ባዶ እግራቸውን ወለሉ ላይ አሳርፈው አንድ ክር መቱ። ጠበቁ። ሌላ መቱ። ወለሉ ምንም አላለም። ሄድፎኑን ከጆሯቸው ከፍ አደረጉት።

«ትናንት በር ላይ ሆኜ ድምፁ በእግሬ ይመጣ ነበር» አሉኝ። «ምነው ውስጥ በሆንኩ አልኩ። ጥፋቱ የሳሌ ነው። ባልስል አታስወጪኝም ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ።»

አምስት ቀን ሙሉ በፈታሹ፣ በረዳቱ፣ በቀብሩ፣ በጎማው፣ በአያ ጥሩሰው፣ በዚያች ትሁት ልጅ ስናደድና ስጮህ ከርሜ፣ እሳቸው የሚወቅሱት ቢፈልጉ ያገኙት የራሳቸውን ሳል ነው።

«የእኔ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።»

ሄድፎኑን ግራ ጆሯቸው ላይ መልሰውት ነበር። አልሰሙኝም።